በገዛ እጇ ያሰረዝኩት ኮድ

ክፉ መሆኔን ያወቅሁት በአንድ ፎልደር ምክንያት ነው። የሌላው ሰው ክፋት በርስት ወይም በሚስት ይወጣል፤ የእኔ የወጣው ኮምፒውተር ላይ ባለች አንዲት ቢጫ ምልክት ነው። ለትንሽ ነገር ትልቅ ክፋት ማውጣት ተሰጥኦ ከሆነ እኔ ተሰጥኦ አለኝ።

ጅጅጋ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ቢሮ ኮድ እጽፋለሁ። አባቴ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ ሥር የሰደደ ሰው ነው፤ እኔ ከዚህ ከተማ ሌላ አገር አላውቅም። ሶማሊኛውንም የተማርኩት ገበያ ውስጥ ስጣላ ነው። በ2014 ዓ.ም. ቢሮው የሸደር መጠለያ ጣቢያን የስደተኞች ካርድ፣ ራሽንና የሕክምና ቀጠሮ የሚይዝ ሲስተም እንድሠራ ሲቀጥረኝ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። መስኮቴ ወደ ካራማራ ያያል። ነፋሱ በስንጥቁ እየገባ ኪቦርዴን አቧራ ያለብሰዋል፣ እኔም እያራገፍኩ እጽፋለሁ። ደስተኛ ነበርኩ። ብቻውን የሚሠራ ሰው የሚያርመው ስለሌለ ሁልጊዜ ልክ ነው።

ሄልፐር፣ ረዳት እንደማለት፣ የምንለው ትንሽ ኮድ ነው። የራሱ ገጽ የለውም፣ ሲስተሙን የሚጠቀም ሰው አያየውም፣ ሥራው ሌላውን ኮድ ማገልገል ነው። አንዱ ስልክ ቁጥር ያጣራል፣ አንዱ ስም መሃል የገባ ትርፍ ክፍተት ያወጣል፣ አንዱ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ ቀን ይቀይራል። እኔ ሁሉንም "ሄልፐርስ" የሚል ስም በሰጠሁት አንድ ፎልደር ውስጥ አጭቄአቸው ነበር። በየቤቱ ፍሪጅ ላይ መርፌ፣ የሞተ ባትሪ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍና የራስ ምታት ክኒን የሚጣልባት ጎድጓዳ ሳህን አለች አይደል? ፎልደሬ እሷን ይመስል ነበር። ልዩነቱ እኔ ሥርዓት እለው ነበር፣ ማንም እጁን እንዲሰድበትም አልፈልግም ነበር።

እሷ፣ አብራኝ ኮድ እንድትጽፍ የተቀጠረችው ልጅ፣ የመጣችው በ2015 ጥቅምት ነው። የአዲጋላ ልጅ ናት፤ አባቷ በድሮው ባቡር ዘመን ጣቢያው ላይ መካኒክ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም። የተቀጠረችው በአንድ ዓመት ኮንትራት ስለነበር በመጪው ጥቅምት ወይ ይታደስላታል ወይ ትሰናበታለች። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ደመወዝ የሚባል ነገር ይዞ የገባ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት፤ እናቷም ታናናሾቿም የሚጠብቁት ያንን ኮንትራት ነበር። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሻይ ስንጠጣ። "ወላል" ትለኝ ነበር፣ በሶማሊኛ ወንድም እንደማለት ነው። ሰው ድካሙን ለማን እንደሚነግር መምረጥ ነበረበት።

በሁለተኛው ሳምንት ስብሰባ ላይ፣ ከአዲስ አበባ የተላከልን ኃላፊያችን ወደ እሷ ዞሮ "እስቲ ሲስተሙን እንዴት አየሽው?" አላት። አዲስ ሰው እንዲህ ሲጠየቅ "ጥሩ ነው" ብሎ ሻዩን ይጠጣል፤ ወጉ ይህ ነው። እሷ ወጉን አታውቅም።

"አንድ ነገር አልገባኝም" አለች። "የቀጠሮው ቀን መቀየሪያ ለምንድን ነው ከስልክ ማጣሪያው ጋር የሚኖረው? እኔ ብሆን ቀጠሮው ፎልደር ውስጥ ነበር የማስቀምጠው። ነገ ቀጠሮውን የሚነካ ሰው ረዳቱንም አብሮ እንዲያየው።" ከዚያ ደግሞ የአባቷን ነገር አመጣች። "አባቴ ጣቢያው ላይ እያንዳንዱን የብሎን ቁልፍ ከሚፈታው ማሽን ጋር በሰንሰለት ያስረው ነበር። ሌሎቹ ብረታቸውን ሁሉ አንድ ሳጥን ውስጥ ይከቱታል። ማሽኑ ሲጮህ እነሱ ሳጥን ሲበረብሩ ይውላሉ።"

ኃላፊያችን ከልቡ ሳቀ። "ሰማህ?" አለኝ።

ሰማሁ። እስከ ዛሬም እየሰማሁ ነው። ልክ እንደሆነች የዚያኑ ቀን ገብቶኝ ነበር፤ ግን "ካፈርኩ አይመልሰኝ" የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ሰው ነው። ብስቅና "እውነትሽን ነው" ብላት በግማሽ ቀን ሥራ እናስተካክለው ነበር። አልሳቅሁም።

ከዚያ በኋላ አዲጋላን ሳላነሳ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሥራዋ ትንሽ ከዘገየ "ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ነው?" እላለሁ። አንድ ነገር ከተበላሸባት "ሰንሰለቱ ተበጠሰ!" ብዬ እጮኻለሁ። ከሌላ ክፍል ሰው ሲመጣ "ይቺ የምድር ባቡር ባለሙያችን ናት" ብዬ አስተዋውቃታለሁ። በመጀመሪያ አብራ ትስቅ ነበር። የሰው ሳቅ እንደ መሸሸጊያ ሲሆን ያስታውቃል፤ አስታውቆኝም አላቆምኩም። ቀልድ ነው እንዳይባል ቀልድ አልነበረም፣ ስድብ ነው እንዳይባል ሁሉም ይስቃል። ዕድሜ ልኬን የዚህ ዓይነት ምላስ ነው ያለኝ። እናቴ "አንተ እኮ ምላስህ ቀድሞህ ነው የተወለደው" ትለኛለች፣ በኩራት።

ሐምሌ ላይ ቀጠሮው ፎልደር ውስጥ አንድ የማላውቀው ኮድ አገኘሁ። ሁለተኛ ቀን መቀየሪያ ነበር። አንዱ የእኔ፣ ሄልፐርስ ውስጥ፤ አንዱ የእሷ፣ ከቀጠሮው አጠገብ። ቀጠሮው የእኔን ትቶ የእሷን ነበር የሚጠራው። ደሜ ፈላ። ክፍሉ ውስጥ ከመጋዘንና ከሰው ኃይል የመጡ ሦስት አራት ሠራተኞች ሻይ እየጠጡ ነበር፤ ጥሩ፣ ተመልካች አለ አልኩ በልቤ። ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞርኩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የቀጠሮው ቀን መቀየሪያ ነው፣ ወላል።"

"እኔ የጻፍኩት አለ። አላየሽውም ወይስ አላመንሽውም?"

ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ያን ያደረገችው ለእኔ ብላ እንደሆነ አሁን ይገባኛል። "የአንተው መስከረም አንድን ሁልጊዜ ከፈረንጆቹ ሴፕቴምበር አሥራ አንድ ጋር ያገናኛል። ዘንድሮ ግን ጳጉሜን ስድስት ናት፣ እንቁጣጣሽ በአሥራ ሁለት ነው የሚውለው። ከመስከረም እስከ የካቲት ካርዱ ላይ የሚታተመው ቀን በአንድ ይዘልላል። ሰዎቹ ከቀጠሯቸው ማግስት ይመጣሉ።"

ይህን ልብ በሉልኝ፤ ገና ሳትጨርስ ልክ መሆኗን አውቄአለሁ። በየዓመቱ ጳጉሜን ሦስት በሩፋኤል ዝናብ እየተጠመቅሁ ያደግሁት እኔ አራት ዓመት ጠብቃ የምትመጣዋን ስድስተኛ ቀን ረስቻት፣ ረመዳን የምትቆጥር ልጅ አስታወሰችኝ። ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን ሻይ ጠጪዎቹን አየሁ፣ እነሱም እኔን እያዩኝ ነበር።

"አዲጋላ ቀን የሚቆጠረው በባቡር ፊሽካ ነበር እንዴ?" አልኳት። ሳቁ። "አንድ ሥራ ሁለት ረዳት የለውም። ሰርዢው። አሁኑኑ፣ እዚሁ፣ በራስሽ ኮምፒውተር።"

"አንተው ብትሰርዘው አይሻልም?"

"የጣለው ሰው ያንሳው።"

በእኛ ሥራ ኮድ ላይ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ መዝገብ አለው። ማን እንደቀየረ ከነስሙ ይጻፋል፣ ከጎኑም የቀየረው ሰው ምክንያቱን በአንድ መስመር ያስቀምጣል። እሷ ኮዷን ሰርዛ ቀጠሮውን ወደ እኔው መቀየሪያ መለሰችና ምክንያቱን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "በታዘዝኩት መሠረት ተሰርዟል፤ ለጳጉሜን ስድስት ግን ያስፈልጋል።" ከኋላዋ ቆሜ አነበብኩት።

"መዝገቡ የግል ማስታወሻ ደብተርሽ አይደለም" አልኳት። "ድግግሞሽ ተወገደ በይ፣ በቃ።"

ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ቆሙ። ከዚያ የጻፈችውን አጠፋችና "ድግግሞሽ ተወገደ" ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀን ወዲህ አብራን ስትስቅ አልሰማኋትም።

የእኔን መቀየሪያ በራሴ ጊዜ፣ በራሴ ስም፣ ማንም ሳያየኝ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። ነገ እያልኩ ሐምሌና ነሐሴ አለፉ። ጳጉሜን መጣች፣ ስድስት ቀን ቆይታ ሄደች። በዓሉን ዶሮ በልቼ አሳለፍኩ፤ መቀየሪያው ትዝ አላለኝም።

መስከረም ላይ የዓይን ሐኪሞች ሸደር ለአንድ ቀን እንደሚመጡ ተነገረን። ሲስተሙ ለሰዎቹ ቀጠሮ ያዘ፣ ካርዶቹም ታተሙ። ሐኪሞቹ የመጡት ማክሰኞ ነው፤ ካርዱ ላይ የታተመው የረቡዕ ቀን ነበር። ማክሰኞ ድምጽ ማጉያውን የሰሙና ጎረቤት የነገራቸው ታይተዋል። ሐኪሞቹ ለቀዶ ሕክምና የመረጧቸውን በመኪናቸው ጭነው ሄዱ። ረቡዕ ጠዋት ከጣቢያው ተደወለልን። "የታመመው የእናንተ ሲስተም ነው ወይስ የእኛ ዓይን?" አለ የደወለው ሠራተኛ። ኃላፊያችን እኔንና እሷን ሄዳችሁ እዩ ብሎ ላከን።

ካርድ የያዙት ሰዎች ከጣቢያው በር አጠገብ ባለው አጥር ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል። የመጡት ሌሊቱን ታጥበው፣ ያላቸውን ንጹህ ልብስ ለብሰው ነው። አንዲት አሮጊት ካርዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ነጭ ተጋርዶባቸዋል። እግራችንን ሲሰሙ ካርዱን ወደ ድምጹ ዘረጉ።

"ልጄ፣ አንብብልኝ እስቲ" አሉኝ በሶማሊኛ። "ዛሬ አይደለም እንዴ? ልጆቹ ዛሬ ይላል ብለውኛል።"

አነበብኩት። ዛሬ ይላል። እሷ ከጎኔ ቆማለች። "ዛሬ ይላል፣ ኤዶ" አልኳቸው፣ አሮጊት በሚከበርበት ቃል፣ በዚያው በሶማሊኛ፣ እሷም አጥርታ እንድትሰማው። "ሐኪሞቹ ግን የመጡት ትናንት ነው። ቀኑን የሠራችው ልጅ ተሳስታ ነው። ይቺው እዚህ አለች።"

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ፤ ወደ እሷ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን። "አላህ ይማርሽ፣ ልጄ" አሏት።

እሷ ተንበርክካ የካርዳቸውን ቁጥር ከደብተሯ በቀደደችው ወረቀት ላይ ገለበጠችና ለእኔ ሰጠችኝ። "ወላል፣ ሐኪሞቹ ሲመለሱ ሌላ ቀጠሮ ያዝላቸው። ያመለጠው ቀጠሮ በአንተ ፈቃድ ካልሆነ አይከፈትም።" እሺ ብዬ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ኃሙስ ዕለት ኃላፊያችን መዝገቡን ራሱ ከፈተው። ስሟ አለ፣ ቀኑ አለ፣ ከጎኑም "ድግግሞሽ ተወገደ" ይላል።

"ትክክለኛውን መቀየሪያ ያጠፋሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ለምን?"

አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ፣ በንዴት አይደለም፤ ሰው ተራው የደረሰን ሰው እንደሚያይ ነው። "እሱን ይጠይቁት" አለች።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። "እኔ ነኝ ያዘዝኳት" ማለት ሦስት ቃል ነው። የዚያች ልጅ ኮንትራት፣ አዲጋላ ያለው ቤት፣ ሁሉም በሦስት ቃል ላይ ቆሞ እኔን ይጠብቃል። እፍረቱ ይታወቀኛል፣ ደግሞ በዚያው ቅጽበት እኔ እንዳዘዝኳት የሚመሰክር ሌላ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አለመኖሩም ይታወቀኛል።

"ወጣት ናት" አልኩ፣ ጠበቃ መስዬ። "ልምድ ማነስ ነው። ባንፈርድባት ጥሩ ነው።"

ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ፣ ስለ ደግነቴ። እሷ ዓይኗን ከእኔ ላይ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። የመጨረሻ ዕድሏን ለእኔ ሰጥታኝ እንደነበር ያን ጊዜም ገብቶኛል፤ አልገባኝም ነበር ብል ቢያንስ ደደብ ነው ተብዬ እታለፍ ነበር።

ኮንትራቱ አልታደሰም። ከውሳኔው በፊት ኃላፊው አስተያየት ጠይቆኝ "ብዙ መሻሻል ይጠበቅባታል" ብዬ ጽፌአለሁ። ዕቃዋን ልትወስድ የመጣች ቀን በሩ ላይ ቆማ "ደህና ይሁኑ" አለችኝ። ወላል ቀርቶ አንቱ ሆንኩ።

በሳምንቱ የተሰረዘውን ኮዷን ከመዝገቡ አወጣሁት፤ እኛ ዘንድ የተሰረዘ ነገር አይጠፋም። አንድ ፊደል አልቀየርኩበትም። እሷ ባኖረችበት ቦታ፣ ከቀጠሮው አጠገብ አኖርኩት፣ በእኔ ስም። ኃላፊው በስብሰባ አመሰገነኝ። ምስጋናው ጣፈጠኝና ቀስ በቀስ ሄልፐርስን እስከ ታችኛው ድረስ አፈረስኩት፤ የስልኩን ማጣሪያ ከምዝገባው ጋር፣ የክብደት ማስያውን ከራሽኑ ጋር አስቀመጥኩ። እውነትም ሥራው ቀለለ። አሁን ለአዳዲስ ሠራተኞች ሥልጠና የምሰጠው እኔ ነኝ። "አንድ የባቡር ጣቢያ መካኒክ ነበር" ብዬ እጀምራለሁ፣ "እያንዳንዱን ቁልፍ ከሚፈታው ማሽን ጋር በሰንሰለት የሚያስር።" ሰልጣኞቹ በጣም ይወዱታል፤ ደብተራቸው ላይ ሲጽፉት አያለሁ።

ዘንድሮ፣ በ2018፣ አንድ የቤት ውል ላስገለብጥ ከገበያው ጀርባ ወዳለች ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ከማሽኑ በስተኋላ ያለችው እሷ ነበረች። እሷ ቀድማ አየችኝ፣ እኔ ወጥቼ ለመሄድ ዘገየሁ።

"ምን ላድርግልዎ?" አለች። ወረቀቱን ሰጠኋት።

ሥራዋን ስትሠራ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁና ቤቱን አየሁ። መቀሱ የፓስፖርት ፎቶ ከሚቆረጥበት ጠረጴዛ ጋር በሲባጎ ታስሯል። ስቴፕለሩ ከወረቀቱ መደርደሪያ ጋር ታስሯል። እስክሪብቶው ቅጽ ከሚሞላበት ሰሌዳ ጋር። አንድ ሰውዬ ቅጹን እየሞላ ነበር፤ እጁን ዘርግቶ ያለ ፍለጋ የሚፈልገውን ያገኛል።

"የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" ይባላልና ስድቧን ጠበቅሁ። እውነቱን ለመናገር ፈልጌውም ነበር፤ ብትሰድበኝ እኩል የምንሆን መስሎኝ ነው። ቅጂዎቹን አስተካክላ ሰጠችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ልክ እንደዚያን ቀን።

"እኒያ የሸደሯ እናት" አለች። "ዓይናቸው በራላቸው?"

"አዎ" አልኩ ሳላስብ። "በራላቸው።"

"አልሐምዱሊላህ።" እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ፊቷ ሲፈታ አየሁት። "ያኔ ሁልጊዜ አስብ ነበር። ቀጠሮውን ያዙላቸው ማለት ነው። አላህ ይስጥዎ።"

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ቀጥታ ቢሮ ሄድኩና መሳቢያዬን በረበርኩ። ወረቀቷ እዚያው አለች፣ ከደረቁ እስክሪብቶዎችና ከማን እንደሆነ ከማላውቀው ቁልፍ ሥር፣ ሸሚዜን ለማሳጠብ ኪሱን ባራገፍኩ ቀን እንደጣልኳት። ቁጥሩን ሲስተሙ ላይ አስገባሁ። የአሮጊቷ ገጽ ተከፈተ። ቀኑ አሁን በትክክለኛው መቀየሪያ ስለሚታይ ቀጠሯቸው ማክሰኞ እንደነበር ይናገራል። ረቡዕ ጠዋት አጥር ሥር ካርዳቸውን ዘርግተው እንደተቀመጡ የሚናገር ነገር የለም። ከቀኑ ሥር "በቀጠሮው ቀን አልቀረቡም" ይላል። ከእሱ ሥር ደግሞ "ያለ ምክንያት ስለቀሩ ከተጠባባቂዎች ዝርዝር ወጥተዋል" የሚል መስመር አለ።

ያንን መስመር ሲስተሙን ስሠራ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያመለጠ ቀጠሮን ሦስት ወር ማንም ካልከፈተው በራሱ ይመጣል። ወረቀቷን አጥፌ ወደ መሳቢያው መለስኳት።